ቅዝቃዜው የት ሄደ? ፍሪጅዎ ሲሞቅ ከሁሉ በፊት ፍሪዘሩን ይመልከቱ

«ሳይደርቅ በርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» ይላሉ አበው። ስካይዌይ ውስጥ ጋራዥ ያለው ሰው ከኩሽናው ፍሪጅ ሌላ ሁለተኛ ፍሪጅ በጋራዡ ማኖሩ እንግዳ ነገር አይደለም። ውስጡ የሚቀመጠውም የዋዛ አይደለም፦ ለፋሲካ የተገዛ ሥጋ፣ ከአገር ቤት የመጣ በርበሬና ንጥር ቅቤ፣ የሳምንት እንጀራ፣ ስኳር ሕመም ያለባቸው ወላጆቻችን የሚወጉት ኢንሱሊን። ፍሪጁ ሞቆ ሲገኝ ብዙው ሰው ወይ ማስተካከያውን እስከ መጨረሻ ያዞራል፣ ወይ አዲስ ሊገዛ ይሮጣል። ሁለቱም ችኮላ ነው። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት፣ «ፍሪዘሩስ እንዴት ነው?» ተብሎ ነው።

ምክንያቱም በረዶውን ራሱ በሚያሟሟው በአብዛኛው ዘመናዊ ፍሪጅ ቅዝቃዜው የሚፈጠረው ከፍሪዘሩ ጀርባ ባለው ቱቦ ላይ ነው። እዚያ ያለች ትንሽ ማራገቢያ ቀዝቃዛውን አየር በቀዳዳ በኩል ወደ ፍሪጁ ትገፋዋለች።

እንግዲህ ፍሪዘሩ እየቀዘቀዘ ፍሪጁ ብቻ ከሞቀ፣ ሞተሩ ይሠራል ማለት ነው፤ ችግሩ ያለው ቅዝቃዜው በሚያልፍበት መንገድ ላይ ነው። የአየር ቀዳዳውን የእንጀራ ቁልል ወይም ድስት ዘግቶት እንደሆነ ይዩ። የማራገቢያዋ ድምፅ የማይሰማ ከሆነ እርስዋ ተበላሽታ ይሆናል፤ ነገር ግን አንዳንዷ በሩ ሲከፈት ስለምትቆም የበሩን መጫኛ በጣት ተጭነው ያዳምጡ። ከፍሪዘሩ ጀርባ በረዶ ከተጋገረ ደግሞ ምግቡን ጎረቤት ያስቀምጡ፤ ፍሪጁን ከሶኬት ነቅለው፣ በሮቹን ከፍተው፣ ከሥሩ ፎጣ አንጥፈው አንድ ቀን ሙሉ ይተዉት። ሲመለስ ጥቂት ቀናት ሠርቶ እንደገና ከሞቀ፣ በረዶ ከሚያሟሟው ክፍል አንዱ ዕቃ ተበላሽቷል፤ ዕቃው ይለወጣል እንጂ ፍሪጁ አይጣልም። በረዶውን በቢላዋ መፈልፈል ግን አይሞከርም፤ ቱቦው ከተበሳ ነገሩ አበቃ።

ሁለቱም ከሞቁ ሶኬቱንና ማስተካከያውን አይተው ወደ ጀርባና ወደ ሥር ይሂዱ። ሙቀቱን ወደ ውጭ የሚያወጣው ጥቁር ቱቦ አቧራ ከለበሰ ፍሪጁ ይታፈናል። ከሶኬት ነቅለው በብሩሽና በቫኪዩም ያጽዱት፤ ከዚያም 24 ሰዓት ይጠብቁ። የበሩን ጎማ ለመፈተን አንድ ዶላር በሩ መሃል አድርገው ይዝጉና ይሳቡ፤ ያለ ምንም መያዝ ከወጣ ጎማው ላልቷል። ሞተሩ ዝም ካለ፣ ወይም በየጥቂት ደቂቃው «ቀጭ» ብሎ ከቆመ፣ ያኔ ባለሙያ ይጠራል። የመጣው ሰው «ጋዝ አልቋል፣ ልሙላልዎ» ካለ ግን ይጠንቀቁ። ጋዙ እንደ ቤንዚን የሚያልቅ አይደለም፤ ከጎደለ የሚያፈስ ቦታ አለ። ያንን ሳይደፍኑ መሙላት ገንዘብ መጣል ነው። የፌዴራሉ ሕግም ይህን ሥራ የምስክር ወረቀት ያለው ባለሙያ እንዲሠራው ያዛል፤ ወረቀቱን ይጠይቁ።

የጋራዡ ፍሪጅ ጉዳይ ለየት ይላል። በክረምት፣ ብርድ በሆነ ጊዜ፣ ፍሪዘሩ ይቀልጣል! ሞተሩን የሚያስነሳው መሣሪያ በአብዛኛው የሚለካው የፍሪጁን ክፍል ሙቀት ነው። ጋራዡ ራሱ እንደ ፍሪጅ ሲቀዘቅዝ ሞተሩ የሚነሳበት ምክንያት ያጣል፤ ሥጋው ግን ቀስ በቀስ ይለቃል። ይህ ብልሽት አይደለም። መፍትሔው ፍሪጁን ወደ ቤት ማስገባት፣ ወይም ለጋራዥ የተሠራ መግዛት ነው።

የሚከተሉት ቁጥሮች በፍሪጁ በር ላይ ቢለጠፉ አይጠሉም። ፍሪጅ ከ40 ዲግሪ ፋራናይት (4 ሴልሺየስ) መብለጥ የለበትም፤ ፍሪዘር 0 ፋራናይት (ከዜሮ በታች 18 ሴልሺየስ) ነው። መብራት ሲጠፋ በሩ ካልተከፈተ ፍሪጁ 4 ሰዓት፣ የሞላ ፍሪዘር 48 ሰዓት፣ ግማሽ የሞላው 24 ሰዓት ያቆያል። ከ40 ዲግሪ በላይ ከ2 ሰዓት በላይ የቆየ ሥጋና ወጥ ይጣላል፤ ገና የበረዶ ቅንጣት ያለበት ሥጋ ግን ተመልሶ ሊገባ ይችላል። ኢንሱሊን አንድ ጊዜ በረዶ ከሠራ አይወጋም፤ ማስተካከያውን እስከ መጨረሻ ማዞር አደገኛ የሚሆነውም ለዚህ ነው። ሞቆ ካገኙት ደግሞ ፋርማሲስቱን ይጠይቁ።

ፍሪጁ የአከራዩ ከሆነ ኪስዎን ከመዳበስዎ በፊት መብትዎን ይወቁ። ስካይዌይ በሲያትልና በሬንተን መካከል ብትሆንም ከሁለቱም ከተሞች ውጭ ናት፤ በ2012 ወደ ሬንተን የመጠቃለሉን ሐሳብ ነዋሪው በድምፁ ጥሎታል። ስለዚህ የሲያትል ከተማ የተከራይ ደንብ እዚህ አይሠራም። በ1973 የወጣው የዋሽንግተን ስቴት የአከራይና የተከራይ ሕግ ግን ይሠራል። በዚህ ሕግ መሠረት አከራዩ ያቀረበው ፍሪጅ ሲበላሽ፣ በጽሑፍ ማስታወቂያ ከደረሰው በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ ጥገና መጀመር አለበት። በቃል መንገር አይበቃም። ቀኑን ጽፈው፣ ቅጂውን አስቀርተው ይስጡት፤ የቤት ኪራይዎም የተከፈለ ይሁን። «አከራዩ ይቀየመኛል» ብሎ ዝም ማለት ሥጋውንም መድኃኒቱንም ያስከፍላል።