ፕሮግራማችሁ ሲሳሳት ማን ይመሰክራል?

መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት የሆነውን አትረሱትም። በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ላይ ችግር ተፈጥሮ ሰው ሒሳቡ ውስጥ የሌለውን ብር ሲያወጣና ሲያስተላልፍ አደረ። ባንኩ በኋላ ያለአግባብ ወጣ ያለው ብር 800 ሚሊዮን ገደማ ነበር። ብዙዎች የዘነጉት ግን አንድ ነገር አለ፤ ከየትኛው ሒሳብ፣ ስንት ሰዓት ላይ፣ ስንት ብር እንደወጣ ሁሉም ተመዝግቦ ነበር። ባንኩ ያልመለሱትን ሰዎች በስምና በፎቶ መለጠፍ የቻለውም መዝገብ ስለነበረው ነው።

እና ይሄ ሙጃ ላይ በስልኩ ኮዲንግ ለሚማር ልጅ ምን ያደርግለታል? ብዙ።

ሐምሌ 2016 የ5 ሚሊዮን ኮደርስ ፕሮግራም ከተጀመረ ወዲህ ኮዲንግ መማር የጀመረው ወጣት ብዙ ነው። ጀማሪ ሁሉ ስህተት የሚፈልገው በ"ፕሪንት" ነው። "እዚህ ደረሰ"፣ "እዚህም ደረሰ" እያለ ስክሪኑ ላይ ያጽፋል። (እኛም እንዲሁ ነው የጀመርነው፣ አናፍርበትም።) ችግሩ መብራት ሲጠፋ ወይ ስልኩ ሲዘጋ የታተመው ሁሉ አብሮ መጥፋቱ ነው።

እንበል የሰፈር እቁብ የሚቆጥር ፕሮግራም ሠራችሁ። 12 ሰው፣ በሰው 500 ብር፤ 6,000 መሆን አለበት። ፕሮግራሙ ግን 5,500 አለ። እትዬ "ከፍያለሁ" ይላሉ፣ ሰብሳቢው "አልደረሰኝም" ይላል። ፕሪንቱ የለም። አሁን ምን ልትሉ ነው?

"ሎጊንግ" የሚባለው ለዚህ ነው፤ ፕሮግራሙ የሠራውን እየተከተለ ፋይል ላይ ከነሰዓቱ መጻፍ። ፓይተን ይሄን ከራሱ ጋር ይዞ ይመጣል፣ የሚጫን ነገር የለም፣ ዳታም አይበላም። እያንዳንዱ መልእክት ደረጃ አለው። ከታች ወደ ላይ ዲበግ፣ ኢንፎ፣ ዋርኒንግ፣ ኤረር፣ ክሪቲካል ይባላሉ። "500 ብር ገባ" ኢንፎ ነው። "የብሩ ቦታ ባዶ ነው" ዋርኒንግ ነው። "ፋይሉ አልተከፈተም" ደግሞ ኤረር።

ጀማሪን የምታናድደው ነገር እዚህ ጋ ናት። ፓይተን ካልነገራችሁት በቀር የሚያሳየው ከዋርኒንግ ጀምሮ ያለውን ብቻ ነው። ኢንፎ ጽፋችሁ ምንም ካልመጣ ኮዳችሁ አልተበላሸም፤ ደረጃውን ዝቅ አድርጉት። ይሄን ማስተካከያ ደግሞ ከፕሮግራሙ መጀመሪያ፣ ከመጀመሪያው መልእክት በፊት አስቀምጡት። ዘግይቶ ከመጣ ፓይተን ዝም ብሎ ያልፈዋል። መልእክቱን በአማርኛ የምትጽፉ ከሆነ የፋይሉን ኢንኮዲንግ ዩቲኤፍ-8 በሉት፣ አለዚያ ፊደሉ ሊበላሽባችሁ ይችላል።

ሰዓቱንም ልብ በሉ። ሎጉ 14:05 ካለ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 8:05 ነው። ፕሮግራሙ ውጭ አገር ሰርቨር ላይ ከሆነ ደግሞ ብዙ ጊዜ 3 ሰዓት ወደኋላ ይቀራል፣ 11:05 ይላችኋል። ያው አንድ ደቂቃ ነው! "እኔ 8 ሰዓት ላይ ነው የከፈልኩት" ያሉትን እትዬ ውሸታም እንዳታደርጓቸው።

ሁሉን ጻፉ ማለታችን ግን አይደለም። ፓስወርድና የሚስጥር ቁጥር ሎግ ውስጥ በፍጹም አይገባም። ትዊተር እንኳ በ2018 እ.ኤ.አ. የተጠቃሚዎቹ ፓስወርድ በግልጽ የውስጥ ሎግ ላይ ሲጻፍ እንደነበር ደርሶበት ከ330 ሚሊዮን በላይ ሰው ፓስወርድ እንዲቀይር መክሯል። የስልክ ቁጥርም ቢሆን የመጨረሻዎቹ ሁለት ሦስት አሃዞች ይበቃሉ።

ሌላው የስልካችሁ ሜሞሪ ነው። ሎግ ዝም ካሉት ያብጣል። ፓይተን ፋይሉ የተወሰነ መጠን ሲደርስ አሮጌውን እየጣለ አዲስ የሚከፍት መሣሪያ አለው፤ ለእቁብ ፕሮግራም 1 ሜጋባይት ያላቸው ሦስት ፋይሎች ይተርፋሉ።

ወደ እቁቡ እንመለስ። ሎጉን ከፍታችሁ ስታዩ የ11 ሰው ኢንፎ አለ፣ በ12ኛው ቦታ ግን "የብሩ ቦታ ባዶ ነው" የሚል ዋርኒንግ ከነሰዓቱ ተቀምጧል። እትዬ ከፍለዋል፤ ሰብሳቢው ስማቸውን አስገብቶ ብሩን ሳይጽፍ አልፎታል።