ብጉር የኃጢአት ምልክት ነውን?

 

የዛሬው ርዕሳችን ቀላል ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በፊታቸው ብጉር አፍረው ከጀመዓ ሶላት የሚቀሩ፣ እንግዳ ሲመጣ ጓዳ የሚገቡ ልጆች እንዳሉ ወላጆች ይነግሩናል። ከብጉሩ ይበልጥ የሚጎዳቸው ደግሞ የቤተሰቡ ንግግር ነው።

በቆዳችን ውስጥ ወዝ የሚያመነጩ ጥቃቅን ዕጢዎች አሉ። ልጅ ለአካለ መጠን ሲደርስ በሆርሞን ምክንያት ወዙ ይበዛል። ከሞቱ የቆዳ ሕዋሳት ጋር ተቀላቅሎም የፀጉር መውጫ ቀዳዳዎችን ይደፍናል። በተደፈነው ውስጥ ባክቴሪያ ሲራባ ቦታው ይቀላል፣ ያብጣል፣ መግል ይቋጥራል። አብዛኞቹ ወጣቶች ይብዛም ይነስ ይህ ያገኛቸዋል።

ታዲያ ኃጢአቱ የቱ ጋ ነው? ወንዱን ልጅ ብጉር ስላወጣ ብቻ በስውር ነውር የሚጠረጥሩት አሉ። ሴቷን ደግሞ «ስታገቢ ይጠፋል» ይሏታል። ሁለቱም መሠረት የላቸውም። አግብተው፣ ወልደው፣ ሠላሳ ዓመት አልፏቸውም ብጉር የሚወጣባቸው እናቶች ብዙ ናቸው። ያለ ማስረጃ ሰውን መጠርጠር ዲናችን የከለከለው ነው፤ የገዛ ልጅን ሲሆንማ ይብሳል።

«አይታጠብም» የሚለውም ስህተት ነው። በቀን አምስት ጊዜ ዉዱእ የሚያደርገውም ይወጣበታል፤ መደፈኑ ከውስጥ ነውና። እንዲያውም ፊትን በሳሙና አጥብቆ መፈተግ ቆዳውን ያስቆጣል። ለስላሳ ሳሙና በቀን ሁለት ጊዜ ይበቃል። ሎሚና የጥርስ ሳሙና መቀባትም ቆዳን ያቃጥላል። የፀጉር ቅቤና ቅባት ወደ ግንባር ሲወርድ ግን በእርግጥ ቀዳዳ ይደፍናል፤ እህቶቻችን ይህን ልብ ይበሉ። በምግብ በኩል በርበሬ ያለ ጥፋቱ ይወቀሳል፤ ስኳር የበዛበት ምግብና ለስላሳ መጠጥ ግን በአንዳንዶች ላይ ሊያባብሰው ይችላል።

በጣም የምንፈራው ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚገዛውን ስቴሮይድ ያለበት ቅባት ነው። ለጥቂት ቀን ፊትን ያጠራል፤ ሲቆይ ቆዳውን ያሳሳል፣ ብጉሩንም ብሶበት ይመልሰዋል።

ለቀላል ብጉር ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ የተባለው ቅባት ይረዳል። ለውጡ የሚታየው ግን ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቆይቶ ስለሆነ በሳምንቱ ተስፋ ቆርጦ መተው አይገባም። ጨርቅ ስለሚያነጣ ሒጃብ ከመልበስ በፊት በደንብ ይድረቅ። በረመዳንም ቆዳ ላይ የሚቀባ መድኃኒት ጾም አያፈርስም። ጠባሳ የሚተው ከባድ ብጉር ሲሆን ወደ ቆዳ ሐኪም መሄድ ነው። ሐኪሙ አይሶትሬቲኖይን የተባለውን እንክብል ለባለትዳር ሴት ካዘዘ፣ ፅንስን ክፉኛ ስለሚጎዳ እርጉዝ አለመሆኗን አስቀድማ ታረጋግጥ፤ እየወሰደችውም እንዳታረግዝ ባልና ሚስት ከሐኪሙ ጋር ይመካከሩበት።