ደጋኑ ይቆይ፤ እጃችን ይቅደም፦ ለቀስት ውርወራ ጀማሪዎች



ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ቁርኣን እንድናዘጋጀው ያዘዘንን ኃይል ሲያብራሩ ውርወራን ሦስት ጊዜ ደጋግመው እንዳነሱ ዑቅባ ኢብኑ ዓሚር (ረ.ዐ.) ያስተላለፉት ሐዲስ በሶሒሕ ሙስሊም ይገኛል። የአስለም ጎሳ ሰዎች በቀስት ሲፎካከሩ አግኝተው እንዳበረታቷቸውም ቡኻሪ ዘግበዋል። ይህን የሰማ ወጣት ቶሎ የሚጠይቀው «ደጋን ከየት ልግዛ?» ብሎ ነው። እኛ ግን ደጋኑ ትንሽ ይቆይ እንላለን። ጠንካራ ደጋን ገዝቶ የጀመረ ሰው ትከሻውን ይጎዳል፤ ቦታ ሳይመርጥ የወረወረ ደግሞ ሌላውን ይጎዳል።

ከጫንጮና ከሱሉልታ ለመጣን ተማሪዎች ስፖርት ሲባል ቶሎ የሚታየን ሩጫ ነው። የሩጫው ጀግና አበበ ቢቂላ እንኳ እ.ኤ.አ. በ1969 በመኪና አደጋ እግሮቹ ከከዱት በኋላ፣ በ1970 በእንግሊዝ አገር በተካሄደው የስቶክ ማንድቪል የተሽከርካሪ ወንበር ጨዋታ በቀስት ውርወራ ተወዳድሯል። ይህ ስፖርት ከፍጥነት ይልቅ የረጋ አካልና የረጋ ልብ ይፈልጋል። እርጋታን ደግሞ ያለ ደጋንም መለማመድ ይቻላል።

ያለ ደጋን የሚጀመር ልምምድ

መጀመሪያ የትኛው ዓይናችሁ እንደሚመራ እወቁ። ሁለት እጃችሁን ወደ ፊት ዘርግታችሁ በመዳፎቻችሁ መካከል ትንሽ ቀዳዳ ሥሩ፤ በሁለቱም ዓይን ሩቅ ያለ ነገር በቀዳዳው እዩ፤ ከዚያ ተራ በተራ አንዱን ዓይን ጨፍኑ። ነገሩን ሳይለቅ የሚያየው ዓይን መሪው ነው። ቀኝ ከሆነ በቀኝ እጅ፣ ግራ ከሆነ በግራ እጅ መሳብ ይመከራል።

ቀጥሎ ከአሮጌ ካላማዳሪያ ቀጭን ላስቲክ ቁረጡ፤ የተሰነጠቀ አለመሆኑን አረጋግጡ። እግራችሁን በትከሻ ስፋት ከፍታችሁ ወደ ዒላማው ጎን ለጎን ቁሙ። ላስቲኩን በአንድ እጅ ይዛችሁ በሌላው እጅ ሦስት ጣቶች እስከ አገጫችሁ ሥር ሳቡት። ጉልበቱ ከጀርባ ይምጣ እንጂ ከክንድ ብቻ አይሁን። እስከ 10 ሰከንድ ያዙና ቀስ ብላችሁ መልሱ። እጃችሁ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ማረፍ ከለመደ ትልቁን ሥራ ጨርሳችኋል።

ዕቃ ሲገዛ

ለጀማሪ አዋቂ 20 ፓውንድ፣ ማለትም 9 ኪሎ ገደማ የሚስብ ደጋን ይበቃል። ብዙ ሆናችሁ በጋራ ከገዛችሁ ቀስቱ ከሁሉም ረጅም ክንድ ባለው ሰው ይለካ፤ ያጠረ ቀስት ሲሳብ ወደ ውስጥ ገብቶ እጅ ሊወጋ ይችላል። የክንድ መከላከያና የጣት መከላከያ ቆዳ ግድ ነው፤ ጎበዝ ጫማ ሰፊ ሊሠራው ይችላል። ቀስት ያልተደገነበትን ደጋን ስቦ መልቀቅ ደጋኑን ይሰብራል።

እህቶች፣ የሒጃባችሁን ጫፍ ልብሳችሁ ውስጥ አስገቡ፤ ሰፊ እጅጌም እሰሩ፤ ጅማቱ የተንጠለጠለ ጨርቅ ይይዛል። ኢንዶኔዥያዊቷ ዲያናንዳ ቾይሩኒሳ በቶኪዮ ኦሊምፒክ የተወዳደረችው በሒጃብ ነው።

ቦታና ጥንቃቄ

የጫንጮ ሜዳ ድርቆሽ ሞልቶታል። ጠበቅ ብሎ የታሰረ ድርቆሽ በውፍረት ተደርድሮ ጥሩ የዒላማ መደገፊያ ይሆናል፤ ከኋላው ግን የአፈር ጉብታ ወይም ገደል ፊት ይኑር። ደካማ ደጋን እንኳ ቀስትን ከመቶ ሜትር በላይ ሊልክ ይችላል፤ በዚያ ሜዳ ደግሞ እረኛ፣ ከብትና መንገደኛ አይጠፋም። ስለዚህ የመሬቱን ባለቤትና ቀበሌውን ሳታስፈቅዱ አትጀምሩ፤ ግቢ ውስጥም ያለ አስተዳደሩ ፈቃድ ደጋን አታስገቡ። ሁሉም ወርውሮ ሳይጨርስ ማንም ቀስት ለመልቀም አይሂድ።

ዲናችንም በዚህ ጥብቅ ነው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ነፍስ ያለውን ነገር ዒላማ ማድረግን ከልክለዋል፤ በመስጊድና በገበያ ቀስት ይዞ የሚያልፍም ሰው እንዳይወጋ ስለቱን በእጁ እንዲይዝ አዘዋል። ወፍ ላይ «ልሞክር» ማለት ጨዋታ አይደለም።

ልቡ ወደ ጠመንጃ ዒላማ ያዘነበለ ደግሞ፣ የጦር መሣሪያ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚተዳደርና ያለ ፈቃድ መያዝ የሚያስቀጣ መሆኑን አስቀድሞ ይወቅ።

ወደ ውድድር

ከ5 ሜትር ጀምሩ። መሐሉን መምታታችሁን ሳይሆን ቀስቶቹ ተቀራርበው መሰካታቸውን ተመልከቱ፤ ተቀራርበው ግራ ከዋሉ ማነጣጠሪያውን ማስተካከል ቀላል ነው፤ ከተበታተኑ ግን ወደ ላስቲኩ ተመለሱ። ከዚያ 10፣ ቀጥሎ 18 ሜትር፤ 18 የአዳራሽ ውድድር ርቀት ነው። በኦሊምፒክ ርቀቱ 70 ሜትር፣ የዒላማው ስፋት 122 ሳንቲ ሜትር ሲሆን 10 ነጥብ የሚያሰጠው መሐል 12.2 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ቱርካዊው ሜቴ ጋዞዝ በቶኪዮ በወንዶች የግል ውድድር ወርቅ ያገኘው በዚህ ርቀት ነው።

የእያንዳንዱን ቀን ውጤት በደብተር ጻፉ፤ ሶላት ሲደርስ ደጋኑን አስቀምጡ። አላህ ጉልበታችንን ለመልካም ነገር ያድርግልን፤ እጃችንንም ማንንም ከመጉዳት ይጠብቅልን። አሚን።