የዕዳው ደብተርና የሚወለደው ልጅ

አንባቢ ሆይ፤ የምኖርበትን ሰፈር ነፋስ ስልክ ይሉታል። ስሙ የመጣው ያለ ሽቦ በነፋስ ከሚነጋገረው የራዲዮ መሣሪያ ነው ሲሉ ሽማግሌዎች ይናገራሉ። እኔ ግን ባገባሁ በመጀመሪያው ዓመት፣ በዚሁ ስልክ በሚባል ሰፈር እየኖርኩ ከስልክ የበለጠ የምፈራው ነገር አልነበረኝም። በክፍል ውስጥ ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ቦርሳዬ ውስጥ ያለው ስልክ ድምፁ ጠፍቶ ሲንቀጠቀጥ እንኳ ጠመኔው ከእጄ ይወድቅ ነበር፤ ተማሪዎቼም ይስቃሉ። ደዋዩን ሳላየው የማውቀው ይመስለኛል፤ ወይ የባለቤቴ አጎት ናቸው፣ ወይ የእቁቡ ጸሐፊ፣ ወይ ሶፋውን በዱቤ የሰጠን ነጋዴ። አብዛኛውን ጊዜ ግን እናቴ ነበረች። የእሷም ጥያቄ ቢሆን ያው ሌላ ዕዳ ነው፤ "ምነው ልጄ፣ ዝም አላችሁሳ? የልጅ ልጅ ሳልስም ልሙት?"

ይህን የምጽፈው የቤቴን ገመና ለአደባባይ ለማውጣት ፈልጌ አይደለም። በመምህራን ማረፊያ ክፍል ሻይ ስንጠጣ የእኩዮቼን ጭንቀት ስሰማ የሁላችንም ነገር አንድ ሆኖ ስላገኘሁት ነው። ተምረን ከዩኒቨርሲቲ ወጣን፤ ሥራ ያዝን፤ አገባን። ከዚያ በኋላ በሠርጉ ዕዳና "ልጁስ መቼ ነው?" በሚለው የዘመድ ጥያቄ መካከል ቆመን ቀረን። ዕዳው እስኪያልቅ ልጁ ይቆይ ስንል ዕዳው የሚያልቅ አይመስልም፤ ልጁ ይምጣ ስንል ደግሞ በምን እናሳድገዋለን የሚለው ፍርሃት እንቅልፍ ይነሳናል። ወላጆቻችን "ልጅ በዕድሉ ያድጋል" ይሉናል። እውነት አላቸው ይሆናል፤ ዳሩ ግን የእነሱ ልጅ በዕድሉ ሲያድግ የቤት ኪራይ እንደ ዛሬው አልነበረም።

ስለ ሠርጋችን ብዙ አልናገርም። ጥር ወር ነበር፤ አዳራሹም፣ መኪናውም፣ ድንኳኑም እንደ ሰው ሆነ። ቪዲዮ ያነሣው ሰው ብቻ የወሰደው ገንዘብ የሦስት ወር ደመወዜ ነው፤ ቪዲዮውንም እስከ ዛሬ ተቀምጠን አላየነውም። ባለቤቴ በአንድ ድርጅት የሒሳብ ሠራተኛ ነው፤ እኔ ደግሞ በግል ትምህርት ቤት ሒሳብ አስተምራለሁ። ሁለት የቁጥር ሰዎች በአንድ ጣራ ሥር እየኖርን የዕዳችንን ድምር አናውቅም ነበር ብል ማን ያምነኛል? እርሱ የሚያውቀውን እኔ አላውቅም፤ እኔ የማውቀውን እርሱ አያውቅም።

አንድ ሌሊት በስምንት ሰዓት ገደማ ብነቃ አልጋው ባዶ ነው። ባለቤቴ መብራት ሳያበራ ሳሎን ተቀምጦ አገኘሁት።

"ምነው? አመመህ?"

"ምንም አልሆንኩም፤ ተኚ።"

እንቢ አልኩ። በመጨረሻ ተናዘዘ። ለቤት ኪራዩ ቅድሚያ ክፍያ ከጓደኛው 15,000 ብር ተበድሮ አምስት ወር ሙሉ ደብቆኝ ኖሯል። "እንዳትጨነቂ ብዬ ነው" አለኝ። አለቀስኩ። ያለቀስኩት ስለ ብሩ አልነበረም፤ አምስት ወር ሙሉ በአንድ አልጋ ላይ ጀርባ ለጀርባ ተኝተን እያንዳንዳችን ለብቻችን ስንጨነቅ በመክረማችን ነው። እኔም ከሰፈሩ ሱቅ የያዝኩትን የዱቤ ደብተር ደብቄው ነበርና ልወቅሰው አልቻልኩም።

በነገራችን ላይ፣ በትዳር ውስጥ ዕዳን መደበቅ በሕግም ዘንድ ትርፍ የለውም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ ከተጋቢዎቹ አንዱ ለትዳሩ ጥቅም የገባውን ዕዳ ሁለቱም እንደ ገቡበት አድርጎ ይቆጥረዋል። ከሁለታችን የሚጠየቀውን ነገር አንዳችን ብቻ መሸከማችን ሞኝነት ነበር።

በዚያች ሌሊት የተማሪ ደብተር አውጥተን ጻፍነው። ለባለቤቴ አጎት 40,000 ብር። ለእቁቡ በወር 2,000፣ ገና 17 ወር የቀረው፣ 34,000። በመሥሪያ ቤቱ ላለው የቁጠባና ብድር ማኅበር 25,000። ለጓደኛው 15,000። ለሶፋው 9,000። ለሱቁ 2,400። ድምሩ 125,400 ብር ሆነ። ቁጥሩን ሳየው የደነገጥኩትን ያህል ዕረፍትም ተሰማኝ፤ እስከዚያች ሌሊት ድረስ በአሳቤ ውስጥ ሩብ ሚሊዮን ነበርና። እቁቡን ከዕዳ መቁጠሬ የሚያስገርመው አንባቢ ቢኖር፣ ዕጣው በመጀመሪያ ለወጣለት ሰው እቁብ ብድር እንጂ ቁጠባ አለመሆኑን ያስብ፤ ዋስ የሚጠራውም ስለዚሁ ነው። እኛ የወሰድነው በሦስተኛው ወር ነው፤ ገንዘቡም አዳራሹ ላይ ቀረ።

በጥንት ዘመን በአገራችን ዕዳውን መክፈል ያቃተው ሰው ከባለገንዘቡ ጋር እጅ ለእጅ በሰንሰለት ይታሰር እንደ ነበር ታውቃላችሁ። ቁራኛ የሚባለው ይህ ነው። የውጭ አገር መንገደኞች እየተገረሙ ጽፈውታል፤ ፎቶግራፍም አንሥተውታል። ባለዕዳው ወደ ዘመዶቹ ሊለምን ሲሄድ ባለገንዘቡም አብሮ ይጎተታል፤ የሚበሉትም የሚያድሩትም አንድ ላይ ነው። ሥርዓቱ ከቀረ ዘመን የለውም፤ ቃሉ ግን በአንደበታችን ቀርቷል። እኔ በዚያ ሌሊት ያሰብኩት፣ የጥንቱ ባለዕዳ ቢያንስ ከአንድ ሰው ጋር ብቻ ይታሰር ነበር፤ እኛ ግን ከስድስት ሰው ጋር ነው የታሰርነው የሚለውን ነው።

ይህ አሳብ የእኔ ምኞት ብቻ እንዳልሆነ ኋላ ሳነብ አገኘሁት። በሲንጋፖር አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት ዕዳ ለከበዳቸው ድሆች ዕዳቸውን ከፈለላቸው፤ ተመራማሪዎችም ከእነዚህ መካከል 196 ሰዎችን ከመከፈሉ በፊትና ከተከፈለ በኋላ መረመሩ። ጥናቱ የታተመው በ2019 እ.ኤ.አ. ነው። ከተከፈለላቸው በኋላ ጭንቀታቸው ቀነሰ፤ አእምሮን በሚፈትኑ ጥያቄዎችም የሚሳሳቱት ከበፊቱ ያነሰ ሆነ። ዋናው ቁም ነገር ግን እዚህ ላይ ነው። እኩል ገንዘብ ከተከፈለላቸው ሰዎች መካከል ይበልጥ የተሻላቸው፣ ብዙ የዕዳ መዝገብ የተዘጋላቸው ናቸው። አእምሮን የሚያደክመው የብሩ ብዛት ብቻ ሳይሆን የአበዳሪው ብዛት ነው ማለት ነው።

የሒሳብ መምህርት እንደ መሆኔ ይህን መቀበል ከብዶኝ ነበር። ሒሳብ የሚለው፣ ወለዱ የበዛውን ዕዳ አስቀድመህ ክፈል ነው። ነገር ግን ደብተሩን ደግሜ ባየው፣ ከስድስቱ ወለድ ያለው የማኅበሩ ብድር ብቻ ነው፤ እርሱም በየወሩ ከባለቤቴ ደመወዝ ይቆረጣል። የአጎት፣ የጓደኛና የሱቅ ዕዳ ወለድ የለውም፤ ወለዱ ይሉኝታ ነው። ስለዚህ ከትንሹ ጀምረን ብንዘጋ በገንዘብ የምንከስረው ነገር የለም።

አንባቢዬ ከአራጣ አበዳሪ የወሰደ ሰው ከሆነ ግን ምክሬን አይከተል። በወር 10 በመቶ የሚከፍል ሰው በ10 ወር ውስጥ ወለዱ ብቻ ዋናውን ያህላል፤ እንዲህ ያለው ዕዳ ከሁሉ አስቀድሞ መወገድ አለበት። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለብድር በዓመት ከ12 በመቶ በላይ ወለድ መዋዋልን ይከለክላል፤ አራጣም በወንጀል ያስቀጣል። አበዳሪው በሚያስፈራራበት ጊዜ ሕጉ በማን በኩል እንደ ቆመ ማወቅ ጥቂት ያበረታል።

ከኪራይ፣ ከምግብ፣ ከእቁብና ከሚቆረጠው በኋላ ቢበዛ 3,000 ብር በወር እናተርፋለን። በአንደኛው ወር ሱቁን ዘጋን። ባለሱቁ በደብተሩ ላይ ከዳር እስከ ዳር ሲሰርዘው የተሰማኝን ደስታ ለትልቅ ሰው መናገር ያሳፍራል። ቀጥሎ ሶፋው፤ ከዚያም ጓደኛው። ሦስቱ ተደምረው 26,400 ብር ስለሆኑ በዘጠኝ ወር ይዘጋሉ። አጎትየውን ግን ሄደን ማነጋገር ነበረብን። ደብተሩን ይዘን ላፍቶ ድረስ ሄድን፤ "ጋሼ፣ የእርስዎ ከሁሉ በኋላ ነው፤ ተራው ሲደርስ በየወሩ ይዘን እንመጣለን" አልናቸው። ሽማግሌው መነጽራቸውን አውልቀው ትክ ብለው አዩን። "እኔ እኮ የምደውለው ደህንነታችሁን ለመጠየቅ ነበር፤ ለምን እንደማታነሡ ግራ ገብቶኝ ነው የከረምኩት" አሉን። የት እንግባ?

እንግዲህ ወደ ልጁ ልመለስ። በእኔ አስተያየት ልጅ ለመውለድ ዕዳ ሁሉ እስኪያልቅ መጠበቅ አያስፈልግም። መዘጋት ያለበት በድንገት የሚጠራው፣ ቀን የሌለው ዕዳ ነው። ቀኑና መጠኑ የታወቀው ከልጁ ጋር አብሮ ሊኖር ይችላል። ከእኛ በላይ ባለው ፎቅ የምትኖረው ጎረቤቴ የኮንዶሚኒየሙን የባንክ ዕዳ እየከፈለች ሁለት ልጆች ወልዳለች። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ክፍያው ተራራ መስሎ ይታያት እንደ ነበር ነግራኛለች፤ ዛሬ ግን የወተቱም የጤፉም ዋጋ ሲወጣ፣ ደመወዟም በመጠኑ ሲያድግ፣ የባንኩ ቁጥር ባለበት ቆሟል። የወለዱ መጠን የማይለወጥ ውል የያዘ ሰው ይህን ልብ ይበል።

ሒሳቡን በደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ሠራነው። ትንንሾቹ ዕዳዎች በዘጠኝ ወር ይዘጋሉ፤ እርግዝና ሌላ ዘጠኝ ወር ነው፤ የእቁቡ 17 ወር ልጁ ከመምጣቱ አንድ ወር አስቀድሞ ያበቃል። ሲገጥምልኝ እንደ ልጅ ዘለልኩ። ባለቤቴ ግን "ፅንስ በቀመር አይመጣም" አለኝ፤ እርግጥ ነው፣ ጤነኛ ባልና ሚስትም እስከ አንድ ዓመት ሊቆዩ ይችላሉ። እስከዚያው የምንፈልገውን የወሊድ መቆጣጠሪያ ከጤና ጣቢያ ያለ ክፍያ እናገኛለን፤ የእርግዝና ክትትሉና ወሊዱም በመንግሥት ጤና ጣቢያ አይከፈልበትም። ነርሷ ያስጠነቀቀችኝ ሌላ ነገር ነው። ፎሊክ አሲድ የሚባለውን እንክብል በቀን 400 ማይክሮ ግራም ከመፀነስ በፊት መጀመር ያሻል፤ የሕፃኑ አንጎልና ኅብለ ሰረሰር መሠረቱን የሚይዘው በመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት፣ ብዙ ሴት ማርገዟን ሳታውቅ ነውና።

የኪራዩም ነገር እንደ ፈራሁት አልሆነም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ውሉ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያው ከሁለት ወር እንዳይበልጥ፣ ጭማሪውም በዓመት አንድ ጊዜ መንግሥት በሚወስነው ልክ እንዲሆን ያዛል። ውሉን በወረዳ ካስመዘገብን እርግዝናውና አራስ ቤቱ በአንድ ውል ውስጥ ሊያልፉ ይችላሉ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁም ለእናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከነደመወዟ ይሰጣል። ለአባት የፈቀደው ሦስት ቀን ነው። ሦስት ቀን! የአራሷ ገንፎ እንኳ በቅጡ ሳይቀዘቅዝ!

ይህ ሁሉ ሒሳብ ከተሠራ በኋላም ጭንቀቱ በአንድ ጊዜ አልለቀቀኝም። በዚምባብዌ ሾና የሚባለው ሕዝብ ይህን ሕመም "ኩፉንጊሲሳ" ይለዋል፤ አሳብ ማብዛት ማለት ነው። እኛስ "አሳብ ገደለኝ" አንል? በ2006 እ.ኤ.አ. ዶክተር ዲክሰን ቺባንዳ በሐራሬ 14 አሮጊቶችን አሠልጥኖ ከጤና ጣቢያው ደጅ በአግዳሚ ወንበር አስቀመጣቸው። አሳብ የበዛበት ሰው አጠገባቸው ይቀመጣል፤ ችግሮቹን ይዘረዝራል፤ ከዚያ አንዱን ብቻ መርጠው መላ ይፈልጉለታል። በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመው በ573 ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው በስድስት ወር ውስጥ የታካሚዎቹ ሕመም እጅግ ቀለለ። ይህን ሳነብ ምድር ቤት የሚኖሩት እትዬ ትዝ አሉኝ፤ የእኛ አግዳሚ ወንበር የእሳቸው ረከቦት ነው። አንድ ቅዳሜ ቡና ላይ ሁሉንም ነገርኳቸው። ምክር አልሰጡኝም፤ የበኩር ልጃቸውን ያጠቡት በተውሶ አልጋ ላይ መሆኑን ነገሩኝና ሦስተኛውን ስኒ ቀዱልኝ።

ሌላው የጠቀመኝ ነገር ለጭንቀት ሰዓት መስጠት ነው። ሌሊት ስለ ብር ሲታሰበኝ "ሐሙስ" እለዋለሁ፤ ሐሙስ ከራት በኋላ ግማሽ ሰዓት ደብተሩን ይዘን ሁለታችንም የልባችንን እንጨነቃለን። የማይሠራባቸው ሰዎች አሉ። እንቅልፍና ምግብ ለሳምንታት የጠፋው፣ ሥራውን መሥራት ያቃተው፣ ይልቁንም መኖር ያስጠላው ሰው ደብተር ሳይሆን ሐኪም ያስፈልገዋል፤ ጤና ጣቢያ ይሂድ፣ ካስፈለገም ወደ አማኑኤል ሆስፒታል ይላካል። አማኑኤልን የእብድ ቤት ብቻ አድርጎ መቁጠር ያለፈበት ወሬ ነው።

አሁን ሰባተኛው ወር ላይ ነን። ሱቁና ሶፋው ተዘግተዋል፤ ለጓደኛው 5,400 ብር ቀርቶናል። ባለፈው ማክሰኞ ከክፍል ስወጣ ስልኩ ጮኸ። የባለቤቴ አጎት ነበሩ፤ አነሣሁት። ከገጠር ገብስ እንደ መጣላቸውና ለአጥሚት የሚሆን እንዳስቀመጡልኝ ነገሩኝ።

"ኧረ ጋሼ፣ ገና እኮ ነው" አልኳቸው።

"ይሁና፤ ገብስ አይበላሽም" አሉኝ።