ቤቱ የሰው፤ ጤናው የራስ

ብዙ ሰዎች የወሩን ኪራይ በቀኑ ከከፈሉ የተከራይነት ግዴታቸውን ሁሉ የፈጸሙ ይመስላቸዋል። ጣራው ቢያፈስ፥ ግድግዳው ቢሻግት፥ የመጸዳጃው ጉድጓድ ቢሞላ፥ «የሰው ቤት ነው፤ እኔን ምን አገባኝ?» ይላሉ። እኛ ግን ይህ አሳብ በሁለት ወገን የተሳሳተ መሆኑን ልናስረዳ እንወዳለን።

አንደኛ፥ ሕጉ አይደግፈውም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ተከራይ ቤቱን በጥንቃቄ እንዲይዝና ሲለቅም በተረከበው አኳኋን እንዲመልስ ያዛል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅም ውሉ በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ ይደነግጋል። ስለዚህ ቤት የሚከራይ ሰው ከአከራዩ ጋር ሆኖ በሩን፥ መስኮቱን፥ ጣራውንና የውሃውን ቧንቧ ተመልክቶ ጉድለቱን ቢያጽፍ ኋላ ከክርክር ይድናል። ከገባም በኋላ ብልሽት ሲያይ ሳይውል ሳያድር ለአከራዩ ማስታወቅ ይገባዋል።

ሁለተኛውና ዋናው፥ ቤቱ የባለቤቱ ቢሆንም በቤቱ ምክንያት የሚታመሙት ተከራዩና ልጆቹ መሆናቸው ነው። ለዚህም ድሬዳዋን እንመልከት። በ2006 ዓ.ም. በዚያች ከተማ የደንጊ ትኩሳት ገብቶ በብዙ ሺህ የሚቈጠር ሰው አልጋ ላይ ጣለ። በሽታውን የምታስተላልፈው ትንኝ ቀን የምትናከስ ናት፤ እንቁላሏንም የምትጥለው በበርሜል፥ በባልዲና በተጣለ ጎማ ውስጥ በቈመ ውሃ ነው። እንቁላሉ ከበርሜሉ ጎን ስለሚጣበቅ ውሃውን መድፋት ብቻ አይበቃም። በሞቃት አገር እንቁላሉ ትንኝ ለመሆን ከሳምንት ብዙም ስለማያልፍ፥ በሳምንት አንድ ቀን በርሜሉን በብሩሽ ፈግፍጎ ማጠብና ዘወትር በደንብ መክደን ያስፈልጋል።

በአንድ ግቢ አራትና አምስት ተከራይ በሚኖርበት ስፍራ የአንዱ ቸልተኝነት የሁሉ ሕመም ይሆናል። አንዱ በርሜሉን ሳይከድን ቢተው ትንኟ የጎረቤቱን ልጅ ለይታ አትምርም። ስለዚህ የጋራውን መጸዳጃ በተራ ማጠብ፥ ተራውንም ጽፎ በበሩ ላይ መለጠፍ፥ ከመጸዳጃ መልስ እጅን በሳሙና መታጠብ፥ እጣቢን በግቢ ውስጥ አለመድፋት፥ ቈሻሻንም ከድኖ አጠራቅሞ ለሚያነሡት ማስረከብ የሁሉም የዕለት ሥራ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አጥብቀን እናሳስባለን። በጠባብ ክፍል በርና መስኮት ዘግቶ የከሰል ምድጃ አቀጣጥሎ መተኛት ሕይወት ያጠፋል። ከከሰሉ የሚወጣው መርዛም አየር ሽታም መልክም ስለሌለው የተኛ ሰው ሳያውቀው ይገድለዋል። ስለዚህ ምድጃውን ውጭ አቀጣጥሉ፤ ከመኝታ በፊትም ከክፍሉ አውጡት።

ኪራይ የሚከፈለው በወር አንድ ጊዜ ነው፤ ንጽሕና ግን የየዕለት ዕዳ ነው። ይህን ዕዳ የሚከፍል ተከራይ የሰውን ቤት ብቻ ሳይሆን የገዛ ልጆቹንም ይጠብቃል።