የኑክሌር ማመንጫን «አቁም» የሚለው ማን ነው?

ስለ ኑክሌር ኃይል ማመንጫ ሲወራ ብዙ ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው ሂሮሺማ ነው። ፍርሃቱ ያለ ቦታው የገባ ነው። ለቦምብ የሚውለው ዩራኒየም 90 በመቶ ገደማ የበለጸገ ሲሆን በአብዛኞቹ ማመንጫዎች ውስጥ ያለው ግን ከ3 እስከ 5 በመቶ ብቻ ነው፤ እንደ ቦምብ ልፈንዳ ቢል እንኳ አይችልም። ማመንጫው የሚሠራው ውሃ ማፍላት ነው። አቶሞች ሲሰነጠቁ ሙቀት ይወጣል፣ ሙቀቱ ውሃውን ወደ እንፋሎት ይለውጠዋል፣ እንፋሎቱም ተርባይን ያዞራል።

ችግሩ የሚመጣው ሲያጠፉት ነው። የመኪና ሞተር ቁልፉን ከዘጉት አለቀ፤ ሬአክተር ግን እንዲህ አይታዘዝም። የመቆጣጠሪያ ዘንጎቹ በሰከንዶች ውስጥ ገብተው መሰንጠቁን ቢያስቆሙትም በነዳጁ ውስጥ የተጠራቀሙት የተሰነጠቁ አቶሞች ሙቀት ማውጣታቸውን አይተዉም። 1,000 ሜጋዋት ኤሌክትሪክ የሚሰጥ ሬአክተር 3,000 ሜጋዋት ገደማ ሙቀት ያመነጫል፤ ቆመ በተባለበት ቅጽበት ከዚህ ውስጥ 200 ሜጋዋት የሚሆነው እዚያው አለ። በሰዓታት ውስጥ እየቀነሰ ቢሄድም ለቀናትና ለሳምንታት ውሃ እየተዘዋወረ ካላቀዘቀዘው ነዳጁ ይቀልጣል። ውሃውን የሚያዘዋውረው ፓምፕ ደግሞ ኤሌክትሪክ ይፈልጋል። የኑክሌር ደኅንነት ጥያቄ ተጨምቆ ሲወጣ እኛ በደንብ የምናውቀው ጥያቄ ነው፦ መብራት ቢጠፋስ?

ጃፓን ውስጥ ፉኩሺማ ዳይቺ በተባለው ማመንጫ ጠፋ። ማርች 11 ቀን 2011 (ዓመታቱን በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) መጠኑ 9 የሆነ ርዕደ መሬት ደረሰ። በሥራ ላይ የነበሩት ሦስት ሬአክተሮች እንደታቀደው ራሳቸውን አቆሙ። ከውጭ የሚመጣው መስመር ሲቋረጥም የናፍጣ ጄኔሬተሮቹ ተነሱ። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ነገር እንደ መጽሐፉ ነበር። ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ግን 14 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ሱናሚ መጣ። ማመንጫው ሲሠራ 35 ሜትር የነበረውን የባሕር ዳር ገደል ቆርጠው ወደ 10 ሜትር አውርደውታል። ጄኔሬተሮቹ አብዛኞቹ የተቀመጡት ምድር ቤት ስለነበር ውሃ ዋጣቸው። ሦስቱም ሬአክተሮች ቀለጡ፤ የተጠራቀመው ሃይድሮጅንም አንዳንዶቹን ሕንፃዎች አፈነዳቸው። ከፍ ያለ ቦታ ላይ የነበረ፣ በአየር የሚቀዘቅዝ አንድ ጄኔሬተር ግን ተርፎ አምስተኛውንና ስድስተኛውን ሬአክተር አዳነ።

ተፈጥሮን ወቅሶ ማለፍ ይቻል ነበር፤ ኦናጋዋ ባይኖር ኖሮ። ይህ ሌላ ኩባንያ የሚያስተዳድረው ማመንጫ ከፉኩሺማ ይልቅ ለርዕደ መሬቱ ማዕከል የቀረበ ነው፤ የመታውም ሱናሚ 13 ሜትር ገደማ ደርሷል። ዳሩ ግን ሲታቀድ፣ ቀደም ሲል የኩባንያው ምክትል ፕሬዚዳንት የነበሩት ያኖሱኬ ሂራይ፣ ከሺህ ዓመት በፊት በ869 የደረሰውን ሱናሚ እየጠቀሱ ቦታው ከፍ ይበል ብለው ስለተከራከሩ 14.8 ሜትር ላይ ነው የተተከለው። ርዕደ መሬቱ መሬቱን በአንድ ሜትር ገደማ ዝቅ አድርጎት እንኳ ሱናሚው ግቢውን አላጥለቀለቀውም። ቤታቸው የፈረሰባቸው ከ300 በላይ የአካባቢው ነዋሪዎች የተጠለሉት እዚያው ማመንጫው ግቢ ውስጥ ነበር።

የፉኩሺማው ባለቤት ቴፕኮ ነገሩን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። በ2008 የራሱ ባለሙያዎች ባደረጉት ስሌት እስከ 15.7 ሜትር የሚደርስ ሱናሚ ሊመጣ እንደሚችል ታይቶ ነበር። ኩባንያው ይጠና ብሎ አቆየው። ስሌቱ ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት የቀረበው ማርች 7 ቀን 2011 ነው፤ አደጋው ሊደርስ አራት ቀን ሲቀረው። ተቆጣጣሪው ራሱ ደግሞ የተዋቀረው በኢኮኖሚ፣ ንግድና ኢንዱስትሪ ሚኒስቴር ሥር ነበር፤ የኑክሌር ኃይል እንዲስፋፋ የሚሠራው ያው ሚኒስቴር ነው። አስፋፊውም ዳኛውም አንድ ጌታ ነበራቸው ማለት ነው። የጃፓን ፓርላማ ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን በ2012 ባወጣው ሪፖርት አደጋው ሰው ሠራሽ ነው ብሎ ደመደመ፤ ተቆጣጣሪውም በሚቆጣጠረው ኩባንያ እጅ መውደቁን ገለጸ። በዚያው ዓመት ራሱን የቻለ አዲስ ተቆጣጣሪ ተቋቋመ።

ሕዝቡን የጎዳውም በአብዛኛው ሰው የሚገምተው ነገር አይደለም። በጨረራ ሞተ ተብሎ በመንግሥት የታወቀው አንድ ሠራተኛ ነው። ከ150,000 በላይ ሰው ግን ከቤቱ ተፈናቅሏል፤ በፉኩሺማ ክፍለ ሀገር ከመፈናቀሉ ጋር በተያያዘ የሞቱት ከ2,000 በላይ ሆነው ተመዝግበዋል፤ አብዛኞቹ አረጋውያን ናቸው። አልጋ ላይ የነበሩ ሕሙማን ያለ በቂ እንክብካቤ በአውቶቡስ ሲጫኑ ሕይወታቸው አልፏል። ስለዚህ ተቆጣጣሪ መመርመር ያለበት ብረትና ሲሚንቶ ብቻ አይደለም፤ ሕሙማኑን ማን፣ በምን፣ ወዴት ያወጣቸዋል የሚለውም የፈቃዱ አካል ሊሆን ይገባል።

ተቆጣጣሪውን በሕግ ነፃ ማድረግ ብቻውን በቂ ነው እንዳንል ደግሞ አሜሪካ አለች። እዚያ ማስፋፋቱና መቆጣጠሩ በ1974 በወጣ ሕግ ተለያይቷል። ሆኖም በ2001 መቆጣጠሪያ ኮሚሽኑ በሬአክተር ክዳኖች ላይ ስንጥቅ ሊኖር ስለሚችል ዓመቱ ሳያልቅ ይፈተሹ ሲል፣ ኦሃዮ የሚገኘው የዴቪስ ቤሲ ማመንጫ ባለቤት ጊዜ ይሰጠኝ አለ። የማመንጫውን መዝጊያ ትእዛዝ እስከማርቀቅ የደረሰው ኮሚሽን ተለሳልሶ እስከ ፌብሩዋሪ 2002 ፈቀደ። ማመንጫው ቆሞ ሲታይ፣ ሲንጠባጠብ የኖረ ቦሪክ አሲድ ከ15 ሴንቲ ሜትር በላይ ውፍረት ያለውን ብረት በልቶ ጨርሶታል። ከፍተኛውን ግፊት ይዞ የቆየው ከሥር ያለው አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ የማይዝግ ብረት ብቻ ነበር። የኮሚሽኑ የራሱ የውስጥ ዋና መርማሪ በኋላ እንዳረጋገጠው፣ ለውሳኔው አንዱ ትልቅ ምክንያት ኩባንያው ገንዘብ እንዳይከስር መታሰቡ ነው። ማመንጫው ለሁለት ዓመት ተዘግቶ ቆየ፤ በኔ ግምት ኩባንያው ጥቂት ሳምንታት ቀድሞ ቢያቆመው ኖሮም ያው ብረት ይገኝበት ነበር፤ ያተረፈው አደጋውን ማራዘም ብቻ ነው።

ጥሩ ምሳሌ ቅርባችን አለ። የተባበሩት አረብ ኤምሬትስ ማመንጫውን የሚገነባ ኩባንያና የሚቆጣጠር ባለሥልጣን ለየብቻ ያቋቋመችው በ2009 ነው፤ ባራካ ላይ ግንባታ የተጀመረው ከሦስት ዓመት በኋላ። የመጀመሪያው ሬአክተር በ2017 ይነሳል ተብሎ ቢታቀድም ባለሥልጣኑ የሥራ ፈቃድ የሰጠው በ2020 ነው። የሦስት ዓመት መዘግየት ለባለቤቱ ውድ ነው፤ ለአካባቢው ነዋሪ ግን ርካሽ። ዛሬ አራቱ ሬአክተሮች የአገሪቱን ኤሌክትሪክ ሩብ ያህል ይሸፍናሉ፤ አቡዳቢ ያለው ወገናችንም ቤቱን የሚያበራው በከፊል በዚሁ ነው።

ጉዳዩ ወደ እኛም መጥቷል። በሴፕቴምበር 2025 ኢትዮጵያና የሩሲያው ሮሳቶም የኑክሌር ማመንጫ ለመገንባት የሚያስችል የድርጊት መርሐ ግብር ሞስኮ ላይ ተፈራርመዋል። ቪየና ላይ በ1994 የጸደቀው የኑክሌር ደኅንነት ስምምነት ተቆጣጣሪው ከአስፋፊው በውል እንዲለይ ይጠይቃል። ስለዚህ ውይይቱ ስለ ሜጋዋትና ስለ ብድር ብቻ መሆን የለበትም። የተቆጣጣሪው በጀት ከየት ይመጣል? ኃላፊውን ማን ይሾማል፣ ማንስ ይሽራል? «አቁሙ» ብሎ ቢያዝ የሚሽርበት ሚኒስትር አለ ወይ? የፍተሻ ሪፖርቱ በአማርኛና በሌሎች ቋንቋዎቻችን ለሕዝብ ይታተማል ወይ? እነዚህ ጥያቄዎች የመጀመሪያው ሲሚንቶ ከመፍሰሱ በፊት መልስ ማግኘት አለባቸው፤ የሕዝብ ተወካዮችም ጋዜጠኞችም አሁኑኑ ይጠይቁ።