የመጠጥ ዋጋ ሲወጣ የጋባዥ እጅ አጠረ

ወልዲያ የመንገደኛ ከተማ ናት። ከደሴ ወደ መቀሌ የሚወጣውና በወረታ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚሻገረው መንገድ የሚለያዩት በእርሷ ስለ ሆነ፥ የጭነት መኪና ነጂውም ነጋዴውም አድሮ ያልፍባታል። በስተ ደቡብ ያለችው የሀብሩ ወረዳ መቀመጫ መርሳም በዚሁ መንገድ ዳር የተቆረቆረች ናት። ሲመሽ፥ መጠጥ የማይቀምሰው ወደ ቡናውና ወደ ሻዩ ሲሄድ፥ የሚቀምሰው ደግሞ ወደ ቡና ቤት ጎራ ይላል።

በቡና ቤት ወግ «ለእነሱም አንድ አንድ ጨምሪላቸው» ማለት የሰውን ክብር ከፍ የሚያደርግ ቃል ነው። ዛሬ ግን ይህን ቃል ከአፍ ማውጣት ከብዷል።

ቢራን ምን አስወደደው ቢሉ፥ ምክንያቱ ብዙ ነው። መራራ ጣዕም የሚሰጠው ሆፕ የተባለው ተክል ከውጭ አገር በዶላር ይገዛል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፥ በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በዚህ ላይ ኤክሳይዝ ታክስ፥ 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ፥ የነዳጅና የማመላለሻ ወጪ ይታከላል። የቢራ ፋብሪካው እስከ ኮምቦልቻ ቀርቦ ሳለ ዋጋው ግን አልቀረበም።

ጠጪውም በበኩሉ ዘዴ አላጣም። አንዱ ሦስት ይጠጣ የነበረውን ወደ አንድ አውርዶ፥ እርሷኑ እየተጎነጨ ያመሻል። ሌላው ከጓደኞቹ ጋር አዋጥቶ ከግሮሰሪ ይገዛል። ሒሳብ ሲመጣም «የየራሳችንን እንክፈል» የሚለው በርክቷል፤ አስተናጋጇም ጉርሻዋ ቀርቶባታል። ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን ተጋብዞ አለመጋበዝን አፍሮ ከወዳጆቹ የሚሸሸው ነው።

ጠላ ቤት የሚወርደውም ጥቂት አይደለም። የጠላ ጌሾ ዶላር አይጠይቅም፤ የሀብሩ ቆላም ማሽላ የሚያበቅል አገር ነው። ሆኖም እህሉም እንጨቱም ስለ ተወደደ የጠላ ሻጯ ትርፍ ያን ያህል አይደለም። አንዳንዱ ደግሞ «ቶሎ ሞቅ ያደርጋል፥ ዋጋውም ይቀላል» ብሎ ወደ አረቄ መለኪያ ይዞራል። ይህ ኪስን አተርፋለሁ ሲሉ ጉበትን መክሰር ነው፤ ማግስቱን መሪ ለሚጨብጥ ሾፌር ደግሞ ዕዳው ለተሳፋሪውም ይተርፋል።

«እንደ ቤትህ እንጂ እንደ ጎረቤትህ አትኑር» ይባላል። የልጆቹን ደብተር መግዣ ለጠርሙስ ያዋለ ጋባዥ የሚመሰገነው እስከ በሩ ድረስ ብቻ ነው። ወሎ አቦል፥ ቶና፥ በረካ እያለ በአንድ ጀበና ሦስት ጊዜ መገባበዝን የሚያውቅ አገር ነውና፥ የቢራ ዋጋ ጨመረ ተብሎ ወዳጅነት መቋረጥ የለበትም። ኪሱ የሳሳበት ሰው አፍሮ ከሚሸሽ፥ «ዛሬ በቡና እንጨዋወት» ቢል ማንም አይታዘበውም።